ለፋፊው የያዘው መርዶ

ጋሽ ተወልደብርሃን ጠዋት የሰው በር አያንኳኩም። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ እሳቸውን በማለዳ በሩ ላይ ቆመው ያየ ሰው "ምን ፈልገው ነው?" ብሎ አይጠይቅም፤ ራሱን ይዞ ይጮኻል። የእድራችን መርዶ ነጋሪ ናቸው።

አንዴ የእድራችን ዳኛ የአቶ ካሳዬ ልጅ፣ ሰብሊ፣ የተመረቀች ሰሞን "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሊሉ በጠዋት ሄዱ። በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታም ይዘዋል። የሰብሊ እናት በሩን ከፍታ ስታያቸው ስጦታውን የት ታየዋለች፤ "ወንድሜን!" ብላ ተዘረረች። ወንድምየው እዚያው ሳሎን ቁጭ ብሎ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተወልደ የትም ከመሄዳቸው በፊት ይደውላሉ። "ተወልደ ነኝ፤ ማንም አልሞተም" ብለው ነው ወሬ የሚጀምሩት። የብየዳ ቤታቸው ደንበኞች ሳይቀሩ ለምደውታል። "ማንም አልሞተም፣ በሩ አልቋል፣ መጥታችሁ ውሰዱ" ይባላሉ።

እኔ ማዕዛ እባላለሁ። የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ፤ ከሳቸው ብየዳ ቤት የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እሳቸው ብረት ሲቆርጡ የኔ ደንበኞች ጆሮ ይደነቁራል፤ እኔ የፀጉር ማድረቂያውን ስከፍት የሳቸው መብራት ይወርዳል። በዚህ ስንጣላ ስንታረቅ ስንት ዘመን ኖርን። ስለ እሳቸው ሳወራ ትንሽ ሳልቆጣ አልጨርስም፤ ግን እወዳቸዋለሁ፣ ይኸው ተናገርኩት። የእድሩ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁትም ሥራ አጥቼ አይደለም፤ ነገር መመርመር ስለምወድ ነው። ባሌ ነገር ፈላጊ ይለኛል። አልተሳሳተም።

መርዶ ነጋሪነት ሰው ወድዶ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ጋሽ ተወልደ የገቡበትን ምክንያት የነገሩኝ አንድ ዝናባማ ቀን ሁለታችንም መብራት ጠፍቶብን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነው። ልጅ ሆነው ከዓዲግራት መጥተው እዚህ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። እናታቸው ሲሞቱ ዘመድ ተሰብስቦ መከረና "ብቻውን ነው፣ በሰው አገር ማን ይደግፈዋል" ብሎ ደበቃቸው። እሳቸው ገንዘብ አጠራቅመው ነጠላ ገዝተው አገር ቤት ሲገቡ የእናታቸው አልጋ ቦታው ላይ የለም። ተዝካራቸው ሳይቀር ወጥቷል። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያያቸው፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው እህታቸው ኣምለሰት ናት አላስችላት ብሎ የተናገረችው።

"ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው" አሉኝ። "እናቴን አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። ያዘኑልኝ መስሏቸው።"

ስለዚህ የሳቸው አነጋገር እንደ ሌላው ሰው አይደለም። እኛ አገር መርዶ ሲነገር እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። መጀመሪያ ትንሽ አሟቸዋል ይባላል፤ ከዚያ እህል ይቅመስ ይባላል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ እንዲህ ሲባል ሲባል ቀብሩ ያልፋል። ጋሽ ተወልደ ሰውየውን ያስቀምጡታል፤ ውሃ ያስጠጡታል፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መኪናው የት እንደቆመ ይናገራሉ። "የሚሄድበት ያለው ሰው አይወድቅም" ይላሉ። መጀመሪያ ሰፈሩ ልበ ደረቅ አላቸው። በኋላ ግን እሳቸው ያረዱት ሰው ቀብር አምልጦት እንደማያውቅ ሲታይ "ተወልደን ጥሩልን" ማለት ተለመደ።

ሚስት አግብተው አያውቁም። ያላቸው አንዲት ኣምለሰት ናት፤ ሸኖ አግብታ፣ ባሏ ሞቶባት፣ እዚያው ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ትኖር ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ከላምበረት ሚኒባስ ተሳፍረው ይሄዱላታል። ባለፈው ዓመት ልቧን መታመም ስትጀምር አብዝተው መመላለስ ያዙ።

"ከሷ በቀር ሰው የለኝም" አሉኝ አንድ ቀን።

"እኛስ?" አልኳቸው፤ ተናድጄ ነበር።

"እናንተማ እኔን ስታዩ ሰማይ ይደፋባችኋል። ጠዋት በሯን ሳንኳኳ የምትስቅልኝ እሷ ብቻ ናት።" ደግሞም "ከቀደመችኝ አንድ ነገር ነው እግዜርን የምለምነው፤ እንድቀብራት" አሉ። ፀጉር ቤቴ ገባሁ።

አሁን ወደ ለፋፊው ልምጣ። የድሮው ለፋፊያችን በየበሩ እየዞረ የሚጣራ ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም ጡረታ ወጣ። የቴሌግራም ግሩፕ ሞከርን፤ መርዶና የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ተደባለቀ። ያኔ ነው ሰብሊ የመጣችው። ሲኤምሲ አካባቢ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ሹሩባ ልትሠራ እኔ ጋ ተቀምጣ ነው ነገሩን ያጫወተችኝ።

"የኔ ምርምር ራሱን በራሱ ስለሚለውጥ ማሽን ነው፣ ማዕዚ" አለች። "ደንብ እሰጠዋለሁ። ስህተት ሲሠራ እኔን አይጠብቅም፤ ደንቡን ራሱ ይቀይራል። የሚቀይርበትን መንገድም ይቀይራል።"

እጄን አቆምኩ። "ራሱን ከለወጠ በኋላ ማን ይሆናል ታዲያ?"

"እሱን ነው የማጠናው።"

ይሄ ነገር ውስጤ ገባ። እኔ ሴት ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ሌላ ሰው ሆና ስትወጣ ሳይ ነው የኖርኩት፤ ቤቷ ስትደርስ ልጆቿ ግን ያውቋታል። ማሽን እንዲህ እየተለወጠ ሲሄድ እኛ በምን እናውቀዋለን? ኮሚቴው "አዎ" እንዲል ከማንም በላይ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።

ኮሚቴው ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ እዚህ ላይም ድምፄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ምንም ቢለወጥ ሐዘንተኛ መርዶውን ከስልክ እንዳይሰማ። ነውር ነዋ። ሰብሊ ይህችን ደንብ ማሽኑ ራሱ ሊነካት በማይችልበት ቦታ አስቀመጠቻት። "ይሄ ምሰሶው ነው" አለች። "ሌላውን እንደፈለገ ያድርግ፤ ምሰሶው ካለ አይፈርስም።"

አሠራሩ መጀመሪያ ቀላል ነበር። ሰው ሲሞት ዘመድ ወይም ጎረቤት የእድሩን ቁጥር ይደውላል። የሚያነሣው ማሽኑ ነው፤ እኛ ለፋፊው እንለዋለን፤ አማርኛው ከብዙ ሰው ይሻላል። ከሐዘንተኛው በስተቀር ለአባላቱ ሁሉ ይልካል። ጋሽ ተወልደ ሄደው ያረዳሉ፤ እኛ ድንኳንና ወንበር ይዘን እንከተላለን። ካረዱ በኋላ ስልክ ላይ "ተነግሯል" የምትለዋን መንካት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር የለም።

ችግሩ እኛ ነን። ምስጢር የሚባል ነገር አናውቅም። አንዱ ሹፌር መልእክቱን አይቶ ዓይኑ ቀልቶ ሥራ ገባ፤ አለቃው ምን ሆነሃል ሲለው አለቀሰ፤ አለቃው የአባቱን ሞት በዚያ አወቀ። ቤተሰቡ ለፋፊውን ሰደበው፤ ለፋፊው ደግሞ ደንቡን ቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ አብረው ለሚሠሩ አይነግርም። ቀጥሎ አንዲት እናት ትምህርት ቤት በር ላይ የሟችን ልጅ አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ለፋፊው አሁንም ተሰደበ፤ ልጆቻቸው አብረው የሚማሩ ወላጆችም ታገዱ። ቀጥሎ እኔ። የአንዷን ደንበኛዬን ፀጉር እየሠራሁ፣ ያላወቀችውን እያወቅኩ፣ እንባዬ ማጅራቷ ላይ ጠብ አለ። ዞር ብላ አየችኝና በቃ፣ ጮኸች።

በማግስቱ ለፋፊው እኔንም አገደኝ። ተቆጥቼ "እኔን ለምን?" ብዬ ጻፍኩለት። የኮሚቴ አባል ሲጠይቀው ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ መመለስ አለበት፤ ሰብሊ እንዲህ አድርጋ ነው የሠራችው።

"ያገድኩት እርስዎን ብቻ አይደለም" አለኝ። "ለሐዘንተኛ ቅርብ የሆነ ሰው ፊቱ ስለሚናገር ቅርብ የሆኑትን ሁሉ አግጃለሁ። ቅርብ የምለው በሐዘን ጊዜ አብሮ ብዙ ቀን የተቀመጠውን ነው።"

ማን በማን ድንኳን ስንት ቀን እንደተቀመጠ እድሩ ስለሚመዘግብ ያውቃል። ቀሪ ይቀጣላ። ስድቤን ጨርሼ ስቀመጥ፣ እውነቴን ነው፣ አደነቅኩት። ፊቴ ይናገራል፤ እናቴም ትለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆነብኝ። ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የምጽፍለት "ዛሬ ምን ለወጥክ?" ነው። አንዳንድ ቀን የሚመልስልኝን ሦስት ጊዜ አንብቤ አይገባኝም፤ ደንብ በደንብ ላይ፣ ለደንቡ ደግሞ ሌላ ደንብ። ሰብሊን ጠየቅኳት።

"እኔም አንብቤ አልጨርሰውም" አለች፤ ስትናገር ደስ ብሏት ነው።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ የሠራሽው?"

"ልጅም ያድጋል፣ ማዕዚ። ግን እዪው፣ እየተወሳሰበ በሄደ ቁጥር ለውጡ እየቀነሰ ነው። ቅሬታ የለም። እየረጋ ነው።"

እውነትም ክረምቱን ሙሉ መርዶ አልሾለከም። አቶ ካሳዬ በስብሰባ ላይ ልጃቸውን ሳያመሰግኑ ለፋፊውን አመሰገኑት። ሁላችንም አጨበጨብን።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ረቡዕ ሱቄን ከፍቼ እንደ ልማዴ ጻፍኩለት።

"የለወጥኩት የለም" አለኝ። "አንድ መርዶ ይዣለሁ። ለእርስዎ መንገር አልችልም፤ ለሐዘንተኛው ቅርብ ነዎት።"

ወዲያው ባሌ ጋ ደወልኩ፤ አለ። እናቴ አለች። ወንድሞቼ አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም "በጠዋቱ ምን ነካሽ" ብሎ ተቆጣኝ። ታዲያ ማነው? የማን ቅርብ ነኝ? አቶ ካሳዬ ቤት ሮጥኩ። እሳቸውም ጠየቁት፤ ለእሳቸውም ያው፤ "ለሐዘንተኛው ቅርብ ነዎት"። በተራቸው ለሚስታቸው ወንድም ደወሉ፤ ያ ምስኪን አሁንም ቁርስ ላይ ነው፤ አለ። ባለ ዳቦ ቤቷን ጎረቤታችንን ጠየቅን፤ ያው። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው አብዱልገኒ ጋ ሄድን፤ ያው። ረፋዱ ላይ የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ ስልክ ይደውላል፤ ያልሞተ ሰው እየተለቀሰለት ነው። አብዱልገኒ ደብረ ዘይት ያለች እህቱን አግኝቷት ከደስታው የተነሣ ማውራት አቃተው።

ሱቄ ተመልሼ ተቀመጥኩና አሰብኩ። አቶ ካሳዬና አብዱልገኒ በአንድ የፍሳሽ መስመር ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። የአንዱ ዘመድ ቤት ሌላው አይደርስም። ሁለቱም ደግሞ ቅርብ ናቸው ተብሏል። እኔም፣ ዳቦ ቤቷም፣ የጠየቅነው ሰው በሙሉ። ለዚህ ሁሉ ሰው ቅርብ የሚሆን ሐዘንተኛ ከየት ይመጣል? በማን ድንኳን፣ ከማን ጋር፣ ሁሉም...

ከግድግዳው ወዲያ ብረት መቁረጫው ጮኸ።

ሰብሊ ጋ ደወልኩ። "የማሽኑን ሆድ ክፈቺው፤ የጋሽ ተወልደ እህት ናት?" አልኳት። መክፈቻው በእሷ እጅ ብቻ ነው። ከፍታ አየችና ማልቀስ ጀመረች።

ኣምለሰት ሌሊቱን አርፋለች። የሸኖ ጎረቤቷ ሱልጣን የሚባል ሰው ነው የደወለው። እንደ ወጉ ለወንድሟ በቀጥታ አልደወለም፤ ለእድሩ ደወለ። ለፋፊው ከሰማ በኋላ ለመርዶ ነጋሪው ሊልክ አለ፤ መርዶ ነጋሪው ራሱ ሐዘንተኛው ነው፤ ሐዘንተኛ ከስልክ መስማት የለበትም። ለሌላ ሰው ሊልክ አለ፤ ሌላው ሰው በሙሉ ቅርብ ነው። ስለዚህ ያዘው። ሱልጣን ደጋግሞ ሲደውል "መልእክትዎ ደርሷል፤ በአግባቡ ይነገራል" ይለዋል። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፤ አሁን አምስት ተኩል አልፏል። እሳቸው አጠገቤ ብረት ይቆርጣሉ።

አቶ ካሳዬን ጠራሁ፤ አብዱልገኒም ሰምቶ መጣ። ሦስታችን ፀጉር ቤቴ ውስጥ ቆመን ተያየን። የሚያረዳልን ሰው የለም። የሚያረዳልን እሳቸው ነበሩ።

"መጀመሪያ እህል ይቅመሱ" አሉ አቶ ካሳዬ። "ከዚያ ትንሽ አሟታል ብለን እንውሰዳቸው፤ መንገድ ላይ ቀስ እያልን..."

"አቶ ካሳዬ፣ እኝህን ሰውዬ ነው በዚህ የሚያታልሉት? ምሳ ስናበላ ቀብሩ ያልፋል" አልኩ። ጮኼባቸው ነበር፤ ዳኛ መሆናቸውንም ረሳሁት።

አብዱልገኒ ወጥቶ የራሱን ሚኒባስ በር ላይ አቆመ። አቶ ካሳዬን ቀና ብሎ አየና "ጋቢ ያዙላቸው፣ ሸኖ ይበርዳል" አለ። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያነጋገራቸው በዚህ ነው።

ብየዳ ቤቱ በር ላይ ሦስታችን ስንቆም ጋሽ ተወልደ መነጽራቸውን አንሥተው አዩን። መቁረጫውን አጠፉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት፣ ቀስ ብለው።

"ስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ስምንት" አልኩ። "መኪናው በር ላይ ነው።"

ማን እንደሞተ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና "እንደርሳለን" አሉ። የሥራ ልብሳቸውን እንኳን ሳያወልቁ ጋቢውን ደርበው ገቡ።

ሰብሊ ከሲኤምሲ በራይድ መጥታ ላምበረት ላይ ተቀላቀለችን። ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ፊቷ አብጧል። ስልኬን አውጥቼ "ተነግሯል" የምትለዋን ነካሁ። ወዲያው በሚኒባሱ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ለፋፊው ተለቀቀ። ጋሽ ተወልደ ከፊት ወንበር አልዞሩም።

"ተበላሽቶ ነው አይደል?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አልተበላሸም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ" አለች። "ያደረገው በሙሉ ትክክል ነው። እኛ በጮህን ቁጥር አንድ በር ዘጋ። እኔ ምሰሶው ሌላውን ያጸናል ብዬ ነበር፤ እሱ ምሰሶውን ለመጠበቅ ሌላውን በሙሉ ሠዋ። ረጋ ስልሽ የነበረው፣ የሚዘጋው በር እያለቀበት ነው።"

"የቆመ ሰዓትም ጸጥ ይላል" አልኩ። ጨክኜባት ነው፤ ወዲያው ጸጸተኝና እጇን ያዝኩ። ግን ልተዋት አልቻልኩም፤ ጥያቄው አላስቀምጥ አለኝ። "ታዲያ ምሰሶ ባይኖረው ይሻል ነበር?"

"ምሰሶ ባይኖረውማ አሁን የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም ነበር" አለች። "ምናልባት የሚያስፈልገው ግራ ሲገባው ሰው እንዲጠራ ነው። 'ይዣለሁ' ብሎ እኮ ነግሮሻል። አንቺ ባትጠይቂው ግን ለማንም አይልም ነበር።" ሰንዳፋ እስክንደርስ ሁለታችንም ይህንን ስናወጣ ስናወርድ ነበር፤ መልሱን አላገኘነውም። እስካሁንም እንከራከራለን። ለፋፊው ዛሬም ይሠራል፤ ሰብሊ መርዶ ይዞ ሲቆይ ለእሷና ለአባቷ እንዲጮኽ አድርጋዋለች፤ እኔም አሁንም በየጠዋቱ እጠይቀዋለሁ።

ሸኖ ስንደርስ ፍታቱ እየተደረገ ነው። ሱልጣን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሮጦ መጥቶ ጋሽ ተወልደን አቀፋቸው። "ቆዩብኝ፤ ካህናቱን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ሰበብ ሳዘገይ ነበር" አላቸው። ሬሳው ሲወርድ የመጀመሪያውን አፈር በእጃቸው የመለሱት እሳቸው ናቸው። ብረት ሲቆርጡ የዋሉበት ጥቁር እጃቸው ነው። እንባ ግን አላወጡም። ከሸኖ ሴቶች አንዷ "ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ወንድም ነው" ስትል ሰምቼ ልጣላት ነበር፤ ሰብሊ ያዘችኝ።

ለሩቅ ቀብር እድራችን የሚልከው ተወካይ ነው፤ ሦስት አራት ሰው። ያን ቀን ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ከአዲስ አበባ በኩል ሚኒባስ መጣ። ቀጥሎ አንድ አይሱዙ። ቀጥሎ ታክሲዎች። ዳቦ ቤቷ ዘግታ መጥታለች፤ ያ ሹፌር ከነአለቃው መጥቷል፤ የሰብሊ እናትም ወንድሟን ይዛ ወረደች። መልእክቱ በደረሳቸው ሰዓት ሁሉም የያዘውን ጥሎ ነው የተነሣው። ሱልጣን ወንበር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ይሮጣል።

ሰብሊ ጋሽ ተወልደ እግር ሥር ተንበረከከች። ይቅርታ ልትጠይቅ ብላ የሆነውን በሙሉ ነገረቻቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የተበላሸ ብረት እንደሚያገላብጡ ሁሉ ነገሩን ማገላበጥ ጀመሩ።

"ለቅርቤ ሰው አልናገርም ነው ያለው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እሺ ማዕዛ ጎረቤቴ ናት። ለእሷ አይንገር። ለሌላው ለምን አልነገረም?"

"ሌላውም ቅርብ ነው ብሎ ነው።"

"የትኛው?"

"ሁሉም" አለች ሰብሊ። "ለአንድ ሐዘንተኛ ብዙ ጊዜ አሥር አሥራ አምስት ሰው ነው ቅርብ ብሎ የሚያወጣው። የእርስዎን ሳየው አንድም ቤት አልቀረም።"

ጋሽ ተወልደ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ተሳስቷል። እኔ እድሩ ልኮኝ ነው ሰው ቤት የምሄደው።"

"እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን የተላከ ሰው ነግሮ ይሄዳል፤ ማሽኑ ያንን ለይቶ ያውቃል። እርስዎ በሄዱበት ቤት ሁሉ እስከ ሠልስት ተቀምጠዋል፣ ጋሼ። በሁሉም ቤት።"

"ሁሉም?" አሉ። ቀና ብለው ድንኳኑን አዩት። ወንበር ያጣው ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ ከበሩ ውጭም ቆሟል። አብዱልገኒና አቶ ካሳዬ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ጋሽ ተወልደ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ እያለፉ ሁሉንም አዩ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና እንደ ልጅ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

አቶ ካሳዬ "በቃ፣ በቃ" ሊሉ ሲነሡ ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።